በላስታ ተራሮች ያልተጣደፈ ጉብኝት፦ የጉዞ ዕቅድ በፊዚክስ ዓይን

ጉብኝት የሚያቅድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የቦታዎችን ስም በመደርደርና በመካከላቸው ያለውን ኪሎ ሜትር በመደመር ነው። ይህ ዘዴ ምድሩ ሜዳ በሆነበት አገር ያዋጣል። ኔዘርላንድስን እንውሰድ። ከአገሪቱ ምድር ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ በአውሮፓ ክፍሏ ያለው ከፍተኛ ጉብታም ከ322 ሜትር ብዙ አይበልጥም። በሚያዝያ ወር የቱሊፕ ማሳዎችን ለማየት ከሀርለም ወደ ላይደን በብስክሌት የሚወርድ ጎብኚ፣ ርቀቱን ለፍጥነቱ ካካፈለ የሚደርስበትን ሰዓት ያውቃል። አየሩም፣ መንገዱም፣ ጉልበቱም ከመነሻው እስከ መድረሻው አይለዋወጡበትም።

ላስታ ግን ሌላ ዓለም ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ የሚነሣው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር ያልፋል፤ የተከዜም ምንጭ ከነዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። በካርታ ላይ በጣት የሚለኩ ሁለት ደብሮች በመካከላቸው ጥልቅ ሸለቆ ወይም ረጅም አቀበት ሊኖር ይችላል። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ከላሊበላ ተነሥተው ገነተ ማርያምንና አካባቢዋን ለመጎብኘት የሚያስቡ ተማሪዎች ጉዟቸውን እንዴት ቢያቅዱ በእርጋታና በጤና ሊፈጽሙት እንደሚችሉ፣ በክፍል ውስጥ የተማርነውን ፊዚክስ መሣሪያ አድርገን እናያለን። ልናስረዳ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው፤ በደጋ አገር የጉዞ መለኪያው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ከፍታውና ሰዓቱ ነው።

፩. ወቅትን መምረጥ

በአውሮፓ የአበባን ወቅት በዋናነት የሚወስነው የሙቀትና የብርሃን መጨመር ነው። ምድር በ23.5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ፀሐይን ስለምትዞር፣ በሰሜን ኬክሮስ 52 ዲግሪ ላይ ባለችው አምስተርዳም የቀኑ ርዝመት በታኅሣሥ አጋማሽ ከ8 ሰዓት ያንሳል፤ በሰኔ አጋማሽ ግን ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ላሊበላ የምትገኘው በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ላይ ነው። በዚህ ቦታ በዓመቱ አጭር ቀንና በረጅሙ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ስለሆነም እኛ ዘንድ አበባን የሚጠራው የቀኑ መርዘም ሳይሆን ዝናብ ነው።

ዝናብ አምጪው የአየር ቀጠና ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ክረምት ይሆናል፤ በመስከረም ወደ ደቡብ ሲመለስ ሰማዩ ይጠራል። አፈሩ ገና እርጥብ፣ ፀሐዩ ደግሞ ብርቱ በመሆኑ ሜዳውና ጋራው በአደይ አበባ ይሸፈናል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ መባላቸው በአጋጣሚ አይደለም። ለጉብኝትም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ዝናቡ በአየር ላይ የተንሳፈፈውን አቧራ አጥቦ ስለሚያወርደው እጅግ ሩቅ ያለ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጭቃውም ደርቋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ሆኖም ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ስለምትለቅ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከፍ ባሉት ቦታዎች ውርጭ ይወርዳል። በገና በዓል ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን ብዙ ነው። በዓሉን ለማክበር የሚሄድ ሰው ይህን ሊናፍቅ ይገባዋል፤ ጸጥ ያለ ጉብኝት የሚሻ ግን ቀድሞ በጥቅምት ይሂድ።

፪. ከፍታና አየር

የአየር ግፊት ማለት በላያችን ያለው አየር ክብደት ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በላያችን የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ይቀንሳል። ቅነሳው እንደ መሰላል እኩል በእኩል አይደለም፤ በየደረጃው ካለው ላይ የተወሰነ እጅ ይቀነሳል እንጂ። በባሕር ጠለል ያለውን ግፊት 100 ብንል፣ በ2500 ሜትር 74 ያህል፣ በ3000 ሜትር 69 ያህል፣ በ4200 ሜትር ደግሞ 60 ያህል ይሆናል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ 21 በመቶ መሆኑ በየትም ከፍታ አይለወጥም፤ የሚለወጠው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባችን የሚገባው መጠን ነው። አንድ ሰው በአቡነ ዮሴፍ ራስ ላይ ሲተነፍስ በምጽዋ ዳርቻ ከሚያገኘው ኦክስጅን ከአምስቱ እጅ ሦስቱን ብቻ ያገኛል ማለት ነው።

ይህ ለዕቅዳችን ምን ትርጉም አለው? የሰው ልጅ ከፍተኛ የሥራ አቅም ከ1500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ በ1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በልምድ ታውቋል። በዚህ ስሌት በላሊበላ 10 በመቶ፣ በ4200 ሜትር ላይ ደግሞ 27 በመቶ ያህል እናጣለን። በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ ከአዲስ አበባም፣ ከጋምቤላም፣ ከሰመራም የመጡ ተማሪዎች ይኖራሉ። የመጀመሪያው ከፍታውን ብዙም ላያውቀው ይችላል። ከ500 ሜትር አካባቢ የመጣው ባልንጀራው ግን በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ቢያጋጥመው ሰነፍ ተብሎ ሊታማ አይገባም፤ ሰውነቱ ገና አየሩን አልተላመደምና።

ስለዚህ የሚከተሉትን ደንቦች መጠበቅ ያስፈልጋል።

- በደረሱበት ቀን ተራራ አለመውጣት፣ በቂ ውኃ መጠጣትና ማረፍ።
- ከ3000 ሜትር በላይ የሚታደር ከሆነ የማደሪያውን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር።
- የሕመም ስሜት እየባሰ ከሄደ ወደ ላይ መቀጠል ቀርቶ ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ። ከመውረድ የሚበልጥ መድኃኒት የለም።

ከፍታ የሚለውጣቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። የአየሩ ሙቀት በአማካይ በየ1000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ይቀንሳል። እኩለ ቀን ላይ በላሊበላ 22 ዲግሪ ቢሆን፣ 1700 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ አናት ላይ 11 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በታች ይሰማል። ጋቢ ሸክም የሚመስለው ከታች ላለ ሰው ብቻ ነው። በአንጻሩ ቆዳን የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ተሰማኝ ብሎ ባርኔጣውን ያወለቀ መንገደኛ ማታ ፊቱ ተልጦ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃም በ2500 ሜትር ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላው ቶሎ አልበስል ቢል ጥፋቱ የወጥ ቤቱ አይደለም። የምንጭ ውኃ አፍልተን የምንጠጣ ከሆነ ግን፣ ከ2000 ሜትር በላይ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ማድረግ ይመከራል።

፫. ርቀት፣ ሽቅብና ሰዓት

በእግር የሚፈጀውን ጊዜ ለመገመት በ1892 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት መቁጠር፣ በላዩም ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት መጨመር። ደንቡ የወጣው ለጠንካራ እግረኛና ለዝቅተኛ አገር ስለሆነ፣ እኛ ለዕረፍት፣ ለፎቶግራፍና ለከፍታው ስንል ውጤቱን በአንድ ተኩል እናባዛዋለን።

ምሳሌ፦ ከላሊበላ በላይ ወደ አሸተን ማርያም እንደሚወስደው ያለ አቀበት እናስብ። የመንገዱ ርዝመት 5 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 600 ሜትር ነው እንበል። ለርዝመቱ አንድ ሰዓት፣ ለሽቅቡ አንድ ሰዓት፣ ድምሩ ሁለት ሰዓት ይሆናል። በአንድ ተኩል ሲባዛ ሦስት ሰዓት ይመጣል። በኔዘርላንድስ ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ያው 5 ኪሎ ሜትር በላስታ ሦስት ሰዓት ጠየቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ 8 ኪሎ ግራም ሻንጣ ይዞ 600 ሜትር ሲወጣ፣ በስበት ላይ የሚሠራው ሥራ የክብደቱና የከፍታው ብዜት ነው፤ 68 በ9.8 በ600 ሲባዛ 400 ኪሎ ጁል ያህል ይሆናል። ጡንቻ ከሚቃጠለው ምግብ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ስለሆነ፣ ለዚህ ሽቅብ ብቻ 1600 ኪሎ ጁል ምግብ ያስፈልጋል። ይህም ከ100 ግራም ጥቂት የሚበልጥ በሶ ነው። አባቶቻችን ለመንገድ በሶ የሚይዙት በጥሩ ስሌት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ዋናው ቁም ነገር ግን የሚከተለው ነው። አቀበቱን በአንድ ሰዓት ብንወጣውም በሦስት ሰዓት ብንወጣው በስበት ላይ የሚሠራው ሥራ ያው 400 ኪሎ ጁል ነው። የሚለየው በእያንዳንዱ ሴኮንድ የምናወጣው መጠን ነው። በአንድ ሰዓት ከሆነ 111 ዋት፣ በሦስት ሰዓት ከሆነ 37 ዋት ብቻ ይደርሳል። ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ሰውነትን የሚያስጨንቀው የሥራው ብዛት ሳይሆን ይህ በሴኮንድ የሚጠየቀው መጠን ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በፊዚክስ ቋንቋ ሲተረጐም ይህን ይመስላል። የቡድኑም ፍጥነት እጅግ ቀርፋፋ የሆነው አባል ፍጥነት መሆን አለበት፤ አባላቱ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ መሄድ ካቃታቸው ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።

ውኃ ይከብዳል ተብሎ መተውም የስሌት ጉድለት ነው። ሦስት ሊትር ውኃ 600 ሜትር ለማውጣት የሚያስፈልገው 18 ኪሎ ጁል ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላው ሥራ ከ5 በመቶ በታች ነው።

፬. ፀሐይ፣ ጥላና ምሽት

በጥቅምት አጋማሽ በላሊበላ ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጥቂት አልፎ ትወጣለች፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በሰሜን አውሮፓ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው እጅግ አግድማ ስለሆነ ወገግታው ረጅም ነው። በእኛ ኬክሮስ ግን ወደ ታች ቀጥ ብላ ስለምትወርድ፣ ከጠለቀች በኋላ ለእግረኛ የሚበቃ ብርሃን የሚቆየው ከ25 ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የእግር ጉዞ ከ11 ሰዓት በፊት እንዲጠናቀቅ ተደርጎ መታቀድ አለበት። የእጅ ባትሪ መያዝ ግዴታ ሲሆን፣ እሱን መጠቀም ግን የዕቅዱ አካል መሆን የለበትም።

ፀሐይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን የምናይበትንም ሰዓት ትወስናለች። አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያቸው ወደ ታች ተቆፍሮ ከዓለቱ የተለዩ ስለሆኑ፣ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት የቦዩ ግድግዳ ያጠላባቸዋል። ፀሐይ ከአድማስ በላይ 45 ዲግሪ ስትሆን የ10 ሜትር ግድግዳ ጥላ 10 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከፍ ስትል ጥላው ያጥራል። በጥቅምት ይህ የሚሆነው በግምት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። የእግር አቀበት በማለዳ፣ የዓለት ቅርጽ ማየት ደግሞ ረፋድ ላይ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

፭. ገነተ ማርያም፦ ዓለቱና ጎብኚው

ገነተ ማርያም ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ ትገኛለች። ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለች ስትሆን በውጭ በኩል አዕማድ ከብበዋታል፤ በዚህም በላሊበላ ያለውን ቤተ መድኃኔ ዓለምን ታስታውሳለች። ሥራዋ ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. ከነገሠው ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው፤ የንጉሡም ሥዕል በግድግዳዋ ላይ ካሉት ጥንታዊ ሥዕሎች መካከል ይገኛል። ከዚያ ወደ ተራራው ሽቅብ ለሚጓዝ ደግሞ በዋሻ ጥላ ሥር የታነጸው መኪና መድኃኔ ዓለም አለ።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ቅዝቃዜ ነው። ሙቀት በዓለት ውስጥ የሚጓዘው በዝግታ ነው። የቀንና የሌሊት የሙቀት ለውጥ ወደ ዓለቱ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲገባ ከመጠኑ ወደ ሦስተኛ እጁ ይወርዳል፤ ወደ ግማሽ ሜትር ሲደርስ እንደሌለ የሚቆጠር ነው። ስለሆነም ወፍራም ግድግዳ ያለው ውቅር ቤተ ክርስቲያን በቀትርም በሌሊትም ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም። ሥዕሎቹን ለ700 ዓመታት ካቆዩዋቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ እርጋታ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን እርጋታ የሚያውከው ግን ጎብኚው ነው። አንድ ሰው ያለ እንቅስቃሴ ቢቆም እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይለቃል፤ በእስትንፋሱና በቆዳው በኩልም በሰዓት 50 ግራም ያህል የውኃ ተን ያወጣል። 30 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቢገቡ 3000 ዋት የሚያወጣ ምድጃ እንደ ማቀጣጠልና በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ውኃ እንደ መርጨት ነው። ተኑ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ከእሳተ ገሞራ የመነጨው ለስላሳ ዓለት ደግሞ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ እርጥበቱን ይመጠዋል። መርጠብና መድረቅ ሲደጋገም ዓለቱ ይላላል፤ ቀለሙም ከላዩ ይላቀቃል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቡድኑን በአሥር በአሥር ከፍሎ በየተራ ማስገባት፣ ሥዕልን በእጅ አለመንካት፣ ብልጭታ ያለው ካሜራ አለመጠቀም ይበቃል። ጫማ ማውለቅ የቦታው ሥርዓት ስለሆነ ወፍራም የእግር ሹራብ መያዝም ይጠቅማል፤ ድንጋይ ከምንጣፍ ይልቅ የእግርን ሙቀት ቶሎ ይወስዳልና።

፮. የአራት ቀን ዕቅድ

አንድ ቀን ብዙ ቦታ ለማየት ሲታቀድ የግምት ስሕተት ይከማቻል። በቀን አራት ጉዞዎች ቢኖሩና በእያንዳንዱ ግምት 20 ደቂቃ መሳሳት ቢቻል፣ ሁሉም ወደ መዘግየት ካዘነበሉ 80 ደቂቃ ይጠፋል። ስሕተቶቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ከሆነ እንኳ ድምሩ በተለምዶ 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ የአራት ዳግም ዘር ሁለት ስለሆነ 20 በሁለት ይባዛል። ስለዚህ በቀን አንድ ዋና ቦታና አንድ ሙሉ ሰዓት መጠባበቂያ እንመክራለን።

የመጀመሪያው ቀን፦ ላሊበላ መድረስና ማረፍ። በመኪና በወልዲያ በኩል የሚመጣ ቡድን በጋሸና አድርጎ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ፣ ቀሪው ጊዜ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ ለመመልከት ብቻ ይዋል።

ሁለተኛው ቀን፦ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት። ረፋዱን እነ ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም፣ ረዘም ካለ ዕረፍት በኋላ እነ ቤተ አማኑኤልና ቤተ መርቆሬዎስ።

ሦስተኛው ቀን፦ ገነተ ማርያም። ጠዋት ተነሥቶ ረፋዱ ላይ መድረስ፣ በየተራ መግባት፣ ምሳን በመንደሩ መብላት፣ ቀኑ ሳይመሽ መመለስ።

አራተኛው ቀን፦ ሰውነቱ የተላመደ በማለዳ ወደ አሸተን ማርያም ይውጣ። የደከመ ከላሊበላ ቀድሞ በነገሠው በንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ የታነጸውንና በዋሻ ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን በመኪና ሄዶ ይመልከት። የዋሻ ጣሪያ ጠብታ በድንጋይ ገንዳዎች የሚጠራቀምበት ነአኩቶ ለአብ ደግሞ ለከተማዪቱ ቅርብ ስለሆነ በመመለሻ ላይ ሊታይ ይችላል።

ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበት አቡነ ዮሴፍ በዚህ ዕቅድ ውስጥ አልገባም። እሱ ተጨማሪ ሌሊቶችን የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

፯. ከመነሣት በፊት

ከስሌቱ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም የመንገዱ ሰላም ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ጎብኚዎችን አስቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ዘለቀ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የመንገደኛውን ቁጥር አሳንሷል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥ በፊት የአካባቢውን አስተዳደርና እዚያው የሚኖሩ ሰዎችን መጠየቅ፣ በመነሻው ዋዜማም ደግሞ መጠየቅ ይገባል። መልሱ «ቆዩ» ከሆነ መቆየት እንጂ መድፈር ጀግንነት አይደለም። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ሆኖ ወርኃ ጽጌን ለሌላ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል።

መንገዱ ሲፈቅድ ግን መሄድ ይገባል። አስጎብኚው፣ የበቅሎ ባለቤቱ፣ ምሳ የምታቀርበው እናት የሚኖሩት በእንግዳ ነው። ተጣድፎ የመጣ ጎብኚ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል፤ አንድ ቀን የጨመረ ጎብኚ አድሮ፣ በልቶ፣ ጠይቆ፣ ተምሮ ይመለሳል። ዝግ ያለ ጉዞ ለሳንባ እንደሚበጅ ሁሉ ለአገሬውም ይበጃል።

መልመጃ

1. አንድ ቡድን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ሽቅብ ያለው መንገድ ይጓዛል። በጽሑፉ ደንብ መሠረት ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል? በዚያው ቀን በእግር ልመለስ ቢል ይመክሩታል?
2. በ2500 ሜትር ላይ ሙቀቱ 23 ዲግሪ ቢሆን በ3500 ሜትር ላይ ስንት ይሆናል?
3. 20 ሰዎች በአንድ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢቆዩ ምን ያህል የውኃ ተን ይለቃሉ?

መልስ፦ 1) ጉዞው 5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል፤ 7 ሰዓት ከ15 ይደርሳል፤ ሲመለስ ስለሚመሽበት እዚያው ቢያድር ይሻለዋል። 2) 16.5 ዲግሪ። 3) ግማሽ ሊትር ያህል።

መልካም ጉዞ!